የጋሽ ፍቅሬ ቴሌቪዥን

የልጅ ልጄን ሳጥን በጫማዬ ረግጬ የቀደድኩት እኔ ነኝ። አልክድም።

ካርቶን ነው። ልጄ ገነት ኒው አልባኒ ከምትሠራበት መጋዘን ያመጣችው። ሩሃማ በመቀስ መስኮት አወጣችለት፣ ከመስኮቱ ጎን በማርከር ቁልፎች ሣለችበት፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ከተተችበትና ቴሌቪዥን ሆነች። ግራና ቀኝ በቆረጠቻቸው ቀዳዳዎች እጆቿን አሹልካ በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉመዋን ሴትዮ ትኮርጃለች፤ በአፏ ደግሞ የኦሃዮን ገዥ።

የኮሮናው መጀመሪያ ነው፣ ሚያዝያ ውስጥ። ኮሎምበስ፣ ሊንደን ሰፈር ያለችው አፓርታማችን ውስጥ ተዘግተን፣ ገነት ለሥራ ብቻ እየወጣች፣ በወጣች ቁጥር የኔ ልብ አብሯት እየወጣ። ያን ሰሞን ኦሃዮ በሙሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ሩሃማ ቱ ኦክሎክ ትለዋለች። ገዥው ይወጣና ስንት ሰው እንደታመመ፣ ነገ ምን እንደሚዘጋ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ጠላቴ ነበር። እና ልጅቷ እሱን ስትኮርጅ፣ ገነት ሶፋው ላይ ሆዷን ይዛ ስትንፈራፈር፣ እኔ ከጓዳ ወጣሁና ጭንቅላቷን ሳጥን ውስጥ አየሁት።

«አውጪ!» አልኩ። «ጭንቅላትሽን አውጪ ከዚያ!»

«ዋት?» አለች እየሳቀች። የምቀልድ መስሏታል።

ጎትቼ አወጣሁት። ጆሮዋን ሳይጭራት አልቀረም። መሬት ጥዬ ረገጥኩት፣ ደግሜ ረገጥኩት። ካርቶን ቶሎ አይሞትም።

«እማዬ! አበድሽ እንዴ?» ገነት ተነሣች። «ልጅቷ ምን አደረገች? ቤት ተዘግታ መሳቅም ክልክል ነው?»

«ዋት ዲድ አይ ዱ?» አለች ሩሃማ። አሥር ዓመቷ ነው። ጆሮዋን ይዛ ነው የምትጠይቀኝ። «እማማ፣ ምን አደረግኩ?»

መልሱ ረጅም ነው፤ ደግሞም አባቴን ሳላነሳ የማይነገር ነው። አባቴን ግርማቸውን ገነት እንደ ታቦት ነው የምታየው። እኔ ለሥራ ዓረብ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት ያሳደጋት እሱ ነው። ጸሎት ያስተማራት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዞ ያመላለሳት፣ ክራቫቱን ሳያስር ከቤት የማይወጣው አባባ።

ሩሃማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ሳቀርብላት «ታንክ ዩ» ትላለች፣ እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ። የልጅቷን ፊት ለመመለስ ያንን ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ገነት አባባዋን ታጣለች። ሦስት ቀን በዚህ መሃል ተገትሬ ዋልኩ።

ነገሩ ይኸውላችሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ አብዮቱ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ጊዜ። ቀበሌያችን ከአንድ የተወረሰ ቪላ ቴሌቪዥን አገኘና አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለት መዝጊያና ቁልፍ ያለው የእንጨት ቤት ተሠራለት፤ የሠራው የግቢያችን አናጢ ጋሽ ፍቅሬ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ጓድ ሰሎሞን የሚባል አብዮት ጥበቃ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰሎሞን ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ መዝጊያዎቹን ይከፍታል፤ ሰዉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ይላል። የፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ነው። ሌላው ከኋላ ይቆማል። እኛ ልጆች በመስኮት ተንጠልጥለን የሰው ማጅራት እናያለን።

አባቴ ያንን ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚወደው! ጸሐፊ ነበር፤ ከቢሮ ሮጦ ይመጣል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ያለችውን አንዲት ጃኬት ይለብሳል፣ ክራቫቱን ያስራል።

«ሰውየው ያይሃል እንዴ፣ ክራቫት የምታስረው?» ትለዋለች እናቴ።

«እኔ አየዋለሁ እኮ። ነውር ነው» ይላታል።

ሄዶ ከኋላ ይቆማል። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል አዳራሹ ያጉረመርማል፤ አባቴ ግን ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አመሹ?» ይላል። ሁልጊዜ። እኔ በመስኮት ሰምቼ፣ አባቴ ከቴሌቪዥኑ ሰውዬ ጋር ይተዋወቃል እያልኩ ለልጆቹ እምላለሁ።

ጋሽ ፍቅሬ ከዚያ የእንጨት ቤት የተረፈ ክፈፍ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ጠረጴዛ አስቀመጠ፣ ክፈፉን አቆመበት፣ አንድ ቆርኪ በሚስማር መታበትና ከኋላው ተቀመጠ። «ግቡ!» አለን። «ወረቀት አልጠይቅም!»

ቆርኪውን ስናዞር «ሽሽሽሽ» ይላል። ስናዞር ስናዞር ፊቱ ይመጣል። ከዚያ ምስሉ መውረድ ይጀምራል፤ ፊቱ ወደ ታች ይሄድ ይሄድና ጸጉሩ ብቻ ይቀራል፣ እሱም ይጠፋል፣ ከዚያ እንደገና ብቅ ይላል። ሳጥኑን በጥፊ ስንመታው ቀጥ ይላል። እንደ እውነተኛው! ጉሮሮውን ይጠርግና፣

«እንደምን ዋላችሁ። የዛሬ ዋና ዋና ዜናዎች። ላቀች የተባለች የግቢያችን ነዋሪ ሽሮ አሳርራለች። ባረረው ሽሮ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዷል!»

«እርምጃ» ሲል ብድግ ይልና ጉልበቱን ወደ ላይ እያነሣ ባለበት ይራመዳል። ጭንቅላቱ ክፈፉ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኛም ተሰልፈን ጉልበታችንን እያነሣን ግቢውን እንዞራለን። እርምጃ! እርምጃ! ቃሉ ለኔ ያ ነበር። ጉልበት ከፍ አድርጎ መራመድ።

ሚስቱ እትዬ ላቀች ከውስጥ ትጮሃለች፤ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አፍህ ታስበላናለህ!»

ልታበላን መስሎኝ ያረረውን ሽሮ ጠበቅኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ትልልቆቹ መምጣት ጀመሩ። እየሳቁ፣ በጋቢ አፋቸውን እየሸፈኑ፣ በር በር እያዩ። ጋሽ ፍቅሬ እነሱን ሲያይ ዜናውን ተወና ሌላ ነገር አመጣ። ከክፈፉ ፊት ዞሮ ቆመ፤ አሁን ተመልካች ነው። ከእንጨት ፍቅፋቂ ክራቫት አሰረ። በእጁ ውሃ እየረጨ እግሩን ታጠበ። ባዶውን ሳጥን አየና ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንደምን አመሹ? እቤትስ ደህና ናቸው? ጃኬቴ ይታያል?»

ግቢው ፈነዳ። ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሳቀ። ሁሉም እየዞረ አባቴን ያያል፤ አባቴ ከኋላ ቆሞ ነበር። እሱም ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። እጁን እያጨበጨበ፣ አንገቱ እስኪቀላ። እኔ ኩራቴ አልቻለኝም፤ አባቴ ቴሌቪዥን ውስጥ ገባ ብዬ።

በማግስቱ አባቴ የበዓል ቀሚሴን አስለበሰኝና እጄን ያዘ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ሰሎሞን ጠረጴዛው ላይ ጠመንጃውን አጋድሞ ተቀምጧል። ብስኩት ሰጠኝ።

«ቆንጂዬ» አለኝ አባቴ፣ በዚያ ለእንግዳ በሚያወጣው ድምፅ። «የጋሽ ፍቅሬን ቴሌቪዥን ለጓድ ሰሎሞን አሳዪው እስቲ።»

አሳየሁታ! ሽሽሽሽ አልኩ። ምስሉን አወረድኩት፣ አወጣሁት። ሽሮውን ተናገርኩ። ጉልበቴን እያነሣሁ ክፍሉን ዞርኩት። ሰሎሞን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እየሳቀ ይጽፋል።

«ሌላስ? እርምጃ ሲል ሌላ ምን ይላል?»

ያላለውንም ጨመርኩለት። ሰው ሲስቅልሽ ማቆም የት አለ። አባቴ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ክራቫት የሚያስረውን ሰውዬ ላሳየው ስል ግን ቶሎ ብሎ «ይበቃል፣ ይበቃል» አለ። አፈረ አልኩ፤ ሰው ፊት መሞገስ አይወድም።

ስንወጣ ሰሎሞን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠው። የፊት አግዳሚ፣ ለሁለት ሰው። መንገዱን ሁሉ አባቴ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ላይ በመዳፉ ሸፍኖት ሄደ። ያንን ወንበር በጨዋታዬ ያስገኘሁለት እኔ ነኝ ብዬ ዘለልኩ። በጨዋታዬ መሆኑስ ልክ ነበር።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰሎሞንና ሌሎች ሁለት ጥበቃዎች ጋሽ ፍቅሬን መሃል አድርገው ወጡ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፤ ሰጋቱራ ጸጉሩ ላይ አለ። አጠገቤ አንዲት ሴት ለሌላዋ «እርምጃ ሊወስዱበት ነው» አለች በሹክሹክታ።

እርምጃ! እኔ የማውቀው ጨዋታ! በሰዉ እግር መሃል ሾልኬ ጎን ለጎን ሮጥኩ።

«ጋሼ! ጋሽ ፍቅሬ! ጉልበት ከፍ! እርምጃ!»

ዞሮ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ይህን አርባ ሦስት ዓመት ጠይቄያለሁ። አውቆብኝ ነበር? ልጅ ናት ብሎ ነው? ብቻ ጉልበቱን ከፍ አደረገልኝ። አንዴ። ደግሞ ሁለተኛ። ሰሎሞን በሰደፍ ማጅራቱን መታው። ፊቱ ወደ ታች ወረደ፣ ጸጉሩ ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ እንደገና ተነሣ። ምስሉ የወረደ መሰለኝ። አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ማታ ከአባቴ ጋር የፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አይደርስም። ዜናው ሲያልቅ ሰሎሞን መዝጊያዎቹን ሳይዘጋ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመና ከወረቀት ስም አነበበ። አምስት ስም። ሦስተኛው የጋሽ ፍቅሬ ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል።» እኔ ደስ አለኝ፤ ስሙ እዚያ፣ ከእውነተኛው ጎን ተጠራ። አጨበጨብኩ። በዚያ ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ። አባቴ ሁለቱን እጆቼን በአንድ እጁ ጨምቆ ያዛቸው። እጁ በላብ ርሷል። አዳራሹ ሞቆት ነው አልኩ።

እሑድ ጠዋት እትዬ ላቀች በራችን ላይ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። አልገባችም።

«ልጅሽ ባሌን አስበላችው» አለቻት እናቴን። ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ተነሣ፣ ጃኬቱን አስተካከለ።

«ልጅ እኮ ናት፣ እትዬ ላቀች» አለ። «ልጅ ያየውን ያወራል። የልጅ አፍ በምን ይታሰራል?»

ይቺን ነው ያለው። ቃል በቃል። እጄን ይዞ ወሰድኳት አላለም። አሳዪው አልኳት አላለም። በአንድ አፍ ወንበሩን ለራሱ፣ ደሙን ለኔ አካፈለን።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች «ቴሌቪዥኗ መጣች» ይሉኝ ጀመር። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር! ቴሌቪዥኗ ስትመጣ ጨዋታ ይቆማል፣ ሰው ይበተናል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ከብሬ ነው እል ነበር። እናቴ የአባቴን ጃኬት ማጠብ ተወች፤ ደክሟት ነው አልኩ።

እርምጃ ማለት ምን እንደሆነ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ገባኝ። የቀረው ሕይወቴ የቆመው እዚያ ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም። በአፌ ሰው ገደልኩ አልኩ። አባቴን አልጠረጠርኩም። አባቴ በኔ ኮርቶ ሊያሳየኝ ወሰደኝ፣ እኔ ክፉ አፍ ይዤ አበላሸሁት፤ እንደዚያ ነው የማውቀው። አፌን ዘጋሁ። ገነትን ስወልድ የሷንም አፍ ልዘጋ ታገልኩ። ስልክ ላይ ቀስ፣ ታክሲ ውስጥ ዝም፣ ሰው ፊት አትሳቂ። ኮሎምበስ መጥቼም አልተውኩም። ሩሃማ ጮክ ብላ ስትስቅ መስኮት የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ምን ይላል እያልኩ። ጎረቤቱ አማርኛ አያውቅም።

አሁን ከመጀመሪያው ያልነገርኳችሁን ልናገር።

ሳጥኑን የቀደድኩት በፍርሃት ነው ብዬ ለገነት ነግሬያታለሁ። ለራሴም። ግን ጭንቅላቷን ሳጥኑ ውስጥ ሳይ ወዲያው አልጮህኩም። ቆሜ አየኋት። ፈገግም ብዬ ነበር። ከዚያ ሩሃማ ገዥውን ጨረሰችና ድምፅዋን አወፈረች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፣

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ ደህና ዋሉ? ኧረ ማስክ ያድርጉ፣ ልጄን! ሩሃማ፣ ጸጥ በይ፣ ሰውየው እያናገረኝ ነው!»

እኔን ነበር። እኔ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጸጉሬን አበጥሬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የማያየኝን ሰውዬ እጅ የምነሣው። እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ገነት ዞራ አየችኝና በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ። አንገቴ ሥር የሆነ ነገር ሲግል ተሰማኝ፣ እሳት የሆነ ነገር፣ እየሳቅኩ። ያንን ሳቅ ከውስጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። የአባቴ ሳቅ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ያልገባኝ ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ፤ አባቴ ያን ቀን ሲስቅ ሰው ሊያስገድል ወስኖ ነው የሳቀው። ከዚያ ነው ሳጥኑን የጎተትኩት። ፍርሃትም ነበር። ግን ቀድሞ የመጣው ፍርሃት አይደለም። የተሣቀብኝ መሆኔ ነው። እኔ ካርቶን ብቻ ስለነበረኝ ካርቶን ረገጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ሩሃማ የኦንላይን ትምህርቷን ጨርሳ ላፕቶፑን ስትዘጋ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ሽሮውን፣ ቆርኪውን፣ ብስኩቱን። አማርኛው ሲከብዳት ደግሜ በቀላሉ አልኩት። በቴሌቪዥኑ አልሳቀችም፤ ቆርኪው ጋ ብቻ ትንሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ኤንድ ዘን? ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ እርምጃ ተወሰደበት።»

«አልገባኝም።»

«ተገደለ፣ ልጄ።»

«ማን ገደለው?»

«ተገደለ ነው የሚባለው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተገደለ።»

«ኖ፣ እማማ።» ቅንድቧን ሰበሰበች፣ እኔ የሒሳብ ጥያቄ የተሳሳትኩ ይመስል። «ተገደለ፣ ኦኬ። ግን ሰው ነው የገደለው። ሁ? ማን?»

አፌን ከፈትኩ። በዚህ በራሴ ቋንቋ፣ እሷ እየተንተባተበች በምትናገረው፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተያዘ፣ ተወሰደ፣ ተገደለ፣ ተባለ እያልን ነው የኖርነው፤ ሁሉ ነገር በራሱ እንደሚሆን፣ እንደ ዝናብ።

«ሰሎሞን» አልኩ። «ሰሎሞን ገደለው። ሰሎሞን የሚባል ሰው።»

«ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«ባት ዩ ወር ኤይት!» አለች። «ስምንት ዓመትሽ ነው። ብቻሽን ሄድሽ?»

ገነት የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቁልፏን ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላየሁም። ፊቷን ሳይ ግን ጥያቄው የት እንደሚያደርስ እንደገባት አወቅኩ።

«እማዬ፣ ተይ በቃ» አለች። «ልጅ ናት። ይቅር።»

«ልጅ ናት» የሚለውን ስሰማ የቀረኝ ፍርሃት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

«ብቻዬን አልሄድኩም» አልኩ ለሩሃማ። «አባቴ ወሰደኝ። ጋሽ ፍቅሬ ስለሣቀበት፣ ወንበሩንም ስለፈለገው፣ አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። አሳዪው አለኝ። ከዚያ እኔ በራሴ ያወራሁ አድርጎ አስወራ። እኔም ሳጥንሽን የቀደድኩት ስለሣቅሽብኝ ነው እንጂ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ሩሃማ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

«አባባ?» አለች ገነት። ቁልፉ ከእጇ ወደቀ፣ አላነሣችውም። «እኔን ያሳደጉኝ አባባ?»

«እሱ» አልኩ። «አንቺን ያሳደገሽ።»